ሥጋ የማይቀርብበት ሳህን

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አጠገብ፣ በሯ ላይ ሰማያዊ መጋረጃ የተንጠለጠለባት አንዲት ምግብ ቤት አለች። ባለቤቷ የአንኮበር ሰው ናት፤ እናናየሁ ትባላለች፤ የአካባቢው ሰው ሁሉ እትዬ እናናየሁ ይላታል። ወጧን የሚያማ የለም። ጠባይዋን ግን የማያማ የለም፤ ምክንያቱም እናናየሁ ሰው አታምንም። ቅቤ ስትገዛ እንጨት ሰዳ ከሥሩ ታሸታለች። በርበሬ ስትገዛ ውኃ ላይ በትና ሸክላ ተፈጭቶበት እንደሆነ ታያለች። ደንበኛ ወጧን ሲያመሰግን "ይሄ ሰውዬ ዱቤ ሊጠይቀኝ ነው" ትላለች፤ ዝም ብሎ ሲበላ ደግሞ "አልጣመውም፣ ሄዶ ስሜን ሊያጠፋ ነው" ትላለች። በሩ አጠገብ የተቀመጠ ሳይከፍል ሊወጣ ነው። ጥግ የያዘ ከሰው ተደብቆ ነው። መሀል የተቀመጠውንም ሳትጠረጥረው አትቀርም፤ በምን እንደሆነ እሷ ታውቃለች።

እንዲህ ያለችው ሴት አንዲት ልጅ ብቻ ነው ያላት፤ ሰርካለም። ሰርካለም የምትኖረው ቪየና ነው። እንዴት እዚያ ደረሰች ቢባል፣ ነገሩ የሚጀምረው ኤርሚያስ ከሚባል የባንክ ሠራተኛ ነው። ኤርሚያስ ሰርካለምን ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ ነበር። እናናየሁ ሽማግሌዎቹን በወግ አስተናግዳ ሸኘችና በማግስቱ ምርመራዋን ጀመረች። መሥሪያ ቤቱ ሄዳ ዘበኛውን ጠየቀች። ተከራይቶ የሚኖርበት ግቢ ሄዳ ልብስ አጣቢዋን ጠየቀች። የተወለደበት መንደር ድረስ በሚኒባስ ሄዳ ጎረቤቶቹን አናገረች። ምንም አልተገኘበትም። ምንም አለመገኘቱ ራሱ ነገር ሆነባት። "እንዴት አንድ እንኳ የሚያማው ይጠፋል? ሕዝቡን ሁሉ አፉን አዘግቶት ነው" ብላ መልሱን አቆየች። ኤርሚያስ ጉዱን ሲሰማ ተቀየመና ነገሩን ተወው። ሰርካለም በእናቷ ላይ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረችም። የትምህርት ዕድል ፈለገች፣ አገኘች፣ ሄደች። ስትጨርስም አልተመለሰችም፤ እዚያው አንድ ሆቴል ውስጥ ሥራ ያዘች።

ከሥራ ውጭ ደግሞ ስልኳ ላይ የምትለቀው ነገር አላት። ቪየና ለሚመጣ አበሻ የት ምን እንደሚበላ የምታሳይበት አጫጭር ቪዲዮ ነው፤ ስሙ "በኪስዎ ልክ" ይባላል። ኪሱ የሳሳውን ሰው ጎዳና ዳር ወዳለች የቋሊማ ኪዮስክ ትወስደዋለች፤ ቆሞ ይበላል፣ ሰናፍጩን ይጨምራል፣ መንገዱን ይቀጥላል። "የምን ሥጋ እንደሆነ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ የአሳማ ይበዛዋል" ትላለች። የተማሪ ኪስ ላለው የዩኒቨርሲቲ ካፍቴሪያ አለ፤ በምሳ ሰዓት ማንም ቢገባ ማን ነህ የሚለው የለም። ደመወዝ ለተቀበለ፣ ስሱ የጥጃ ጥብስ ከሳህኑ ተርፎ የሚንጠለጠልበት የድሮ መጠጥ ቤት አለ። ሠርግ ላለበት ደግሞ ጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ የለበሰ፣ አስተናጋጁ ከተስተናጋጁ የሚያምርበት ቤት አለ። "እዚህ ውኃውም ይከፈልበታል፤ ተጠምታችሁ አትግቡ" ብላ ትስቃለች። አበሻው ይወዳታል። አንዳንዱ ደብረ ብርሃን ቁጭ ብሎ፣ ቪየናን በሕልሙም ሳያይ፣ የትኛው ኪዮስክ የተሻለ እንደሆነ ይከራከራል።

እናናየሁ ስልኩን ዘይት ጀሪካን ላይ አስደግፋ ሽንኩርት እየከተፈች ታየዋለች። ሌላው ሰው የሚያየው ምግቡን ነው። እሷ ከምግቡ ወዲያ ያለውን ነው የምታየው።

"ማን ነው የሚቀርፅሽ?" አለቻት አንድ ቀን በስልክ።

"ማንም አይደለም እማዬ። ስልክ የሚይዝ ብረት አለ፣ ሦስት እግር ያለው።"

"ብረቱ ይራመዳል እንዴ? መንገድ ስትሻገሪ አብሮሽ ተሻገረ እኮ።"

"እሱማ… ያን ቀን ጓደኛዬ ይዞልኝ ነው።"

"ይዞልኝ ነው ወይስ ይዛልኝ?"

ሰርካለም "ኔትወርኩ አስቸገረ" አለችና ተቋረጠ። እናናየሁ ቢላዋን አስቀመጠች። ኔትወርክ እንዲህ ሰዓቱን ጠብቆ እንደማይጠፋ ታውቃለች። "ይዞልኝ" የሚለው ቃል ልቧ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

ዓቢይ ጾም ሊጋመስ ሲል ሰርካለም ራሷ ደወለች። ለዳግማ ትንሣኤ እመጣለሁ አለች። እናናየሁ እልል ልትል አፏን ስትከፍት "ሰው ይዤ ነው የምመጣው" የሚለው ተከተለ።

"ማን የሚባል ሰው?"

"እማዬ፣ ቃል ግቢልኝ። አንድም ጥያቄ አትጠይቂውም። የት ተወለድክ፣ ማን ወለደህ፣ ምን ትሠራለህ፣ ምንም።"

"ስሙንስ?"

"ስሙን እሱ ይነግርሻል፣ ስንመጣ። አሁን ብነግርሽ ምን እንደምታደርጊ አውቃለሁ። የኤርሚያስን ነገር ከደገምሽው ተመልሼ አልመጣም። እየተቆጣሁ አይደለም። ግን አልመጣም።"

እናናየሁ ቃል ገባች። ሌላ ምን ምርጫ አላት? ባሏ ሞቷል፤ ያላት ይህች ልጅና ይህች ምግብ ቤት ናቸው። ፍርሃት የምትለው ነገር የገባት ያን ቀን ነው። ሌባንም አጭበርባሪንም ስትጠረጥር ኖራለች እንጂ ፈርታ አታውቅም ነበር።

ቃል የገባችው እንዳትጠይቅ ነው፤ እንዳታይ ግን ማንም አላስማላትም። ስለዚህ ቪዲዮዎቹን ከመጀመሪያው ጀምራ እንደገና ታያቸው ጀመር። በአንዱ ላይ ሰርካለም ከጥጃ ጥብሱ አጠገብ ካለው ድንች በሹካ አንሥታ ወደ ካሜራው ስታጎርስ እጇ ሳይደርስ ቪዲዮው ይቆረጣል። "ብረት ይጎርሳል?" አለች እናናየሁ ለራሷ። ከዚያ ዓይኗ ከሰርካለም ሳህን ተነሥቶ ወደ ሌላኛው ሄደ፤ ከካሜራው በኩል፣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ግማሹ ብቻ ወደሚታየው ሳህን። ያ ሳህን ሁልጊዜ አለ። ሥጋ ግን ተቀምጦበት አያውቅም።

መጀመሪያ ደስ አላት። ጿሚ ነው ማለት ነው። ወዲያው ግን ሌላው ቪዲዮ ላይ በዚያ ሳህን እንቁላል አየች፤ በሌላው ደግሞ ዓይብ የቀለጠበት ነገር። ይህ ጾም አይደለም። ቋሊማ ቤቱ ጋ ሰርካለም ቋሊማዋን ይዛ ስታወራ፣ ከጎን ያለው የወንድ እጅ የያዘው ደረቅ ዳቦና ሰናፍጭ ብቻ ነው። አምና ከፋሲካ ማግስት "እንኳን አደረሳችሁ" ብላ የለቀቀችው አለ፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት በዚያ በበዓለ ሃምሳ ሰውየው ፊት ያለው እንቁላል ነው። ጿሚ እንዳይባል እንቁላል ይበላል፤ አይጾምም እንዳይባል ሥጋ አይነካም።

እናናየሁ ይህን ዓይነት ተመጋቢ ጠንቅቃ ታውቀዋለች። ከአሊዩ አምባ እህልና ቅመም ጭነው የሚወጡ ሙስሊም ነጋዴዎች ወደ ቤቷ ሲገቡ ሥጋ አያዙም፤ የክርስቲያን ሥጋ ነዋ። "እትዬ፣ እንቁላል አለ?" ነው የሚሏት። እሷም ለይታ ባስቀመጠችው መጥበሻ ትጠብስላቸዋለች። ሰውየው ሙስሊም ነው! ስሙም የተደበቀው ለዚህ ነው፤ መሐመድ ወይ አሕመድ ቢባል ወዲያው ይታወቃላ። ሁሉም ነገር ግጥም አለላት።

ያን ሰሞን እናናየሁ ቤት የገባ ሰው ያረረ ሽሮ በላ። ለንስሐ አባቷ አልተናገረችም፤ አፋቸውን አላመነችም። ለጎረቤትም አልተናገረችም። አንድ ከሰዓት ግን ቆረጠች። "አትምጪ፣ አታዋርጂኝ" ልትላት ስልኩን አነሣች። ስትከፍተው አዲስ ቪዲዮ ቀድሞ መጣ። ሰርካለም አንድ ገበያ መሀል የሚጤስ ነገር እየበላች አፏን አቃጥሏት፣ በእጇ እያራገበች፣ ካሜራውን ወደያዘው ሰው እያየች ከሆዷ ትስቃለች። እናናየሁ ይህን ሳቅ ታውቀዋለች። ልጇ ሕፃን ሳለች ቤቱን የሚሞላው ሳቅ ነው፤ ከኤርሚያስ ወዲህ ግን አንድ ቀን ሰምታው አታውቅም። ማን እንዳጠፋው ደግሞ አሳምራ ታውቃለች። ስልኩን ሳትደውል አስቀመጠችውና አፍ አውጥታ "ይምጣ እንግዲህ፣ ምን አባቱ!" አለች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ የወጥ ቤት ጉዳይ ሆነ። የወጥ ቤት ጉዳይ ላይ ደግሞ እናናየሁ አትቀልድም። ለዳግማ ትንሣኤ ከውጭ የመጣ እንግዳ፣ ያውም የልጇ እንግዳ፣ ቤቷ ገብቶ እንቁላል ሊበላ? ፋሲካ ካለፈ ገና ሳምንቱ በሆነው ቤት? አይሆንም። ነጠላዋን አጣፋች፣ ግድግዳ ወደምትጋራት ወደ ዘሐራ ሄደች። ዘሐራ የአሊዩ አምባ ልጅ ናት፤ ኮረሪማና እርድ ትሸጣለች።

"ዘሐራ፣ አንድ በግ ልግዛና ባልሽ ይረድልኝ። አንቺ ደግሞ እቤትሽ ሥሪልኝ፤ ድስቱንም ቢላዋውንም አዲስ እገዛለሁ።"

ዘሐራ ኮረሪማ መፈልፈሏን አቆመች። "ባሌ ይረድልሽ? ለማን?"

"ለእንግዳ።"

"የምን እንግዳ? ከየት የመጣ?"

"አትጠይቂኝ ዘሐራ።"

"ወላሂ!" ዘሐራ እጇን ጉንጯ ላይ ጫነች። "አንቺ ነሽ አትጠይቂኝ የምትይው? የበግ ነጋዴውን ስለ አያቱ ሳይቀር ጠይቀሽ በግ የምትገዢው?" ጎረቤቷን ትኩር ብላ አየቻትና ፊቷ ላይ ያለውን ስታነብ ሳቋን ዋጠች። "እሺ። ኢንሻ አላህ አሳምሬ እሠራዋለሁ።"

እናናየሁ በጉን ራሷ መረጠች፤ ጥርሱን አየች፣ ላቱን መዘነች፣ ሻጩን ጠረጠረች። በዕለቱ የዘሐራ ባል አረደው። ዘሐራም በአዲሱ ድስት ቀይ ወጡን እቤቷ ሠራች። እናናየሁ በበኩሏ ለልጇ ዶሮዋን ሠራች። ቤቱን ስታሰናዳ ግድግዳው ላይ ካለው ከቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ፊት ቆማ ትንሽ አመነታች። እንግዳውን ቅር ይለው ይሆን? ደግሞስ ለእንግዳ ተብሎ መልአክ ከቤት ይወጣል? "እዚያው ሁን፣ ዝም ብለህ እይ" አለችውና ተወችው።

መጡ። ሰርካለም ከመኪና ወርዳ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ እናናየሁ ለረጅም ጊዜ አለቀቀቻትም። ከኋላዋ መነጽር ያደረገ ረጅም ልጅ ሻንጣ ይዞ ቆሟል፤ የደብረ ብርሃን ብርድ በዚያች ስስ ጃኬቱ ገብቶ ያንዘፈዝፈዋል። እናናየሁ ጋቢ አለበሰችው። ጥያቄዎቿ ጥርሷ ላይ መጥተው ተደርድረዋል፤ ከንፈሯን ነክሳ መለሰቻቸው። ልጁ ሲገባ የሚካኤልን ሥዕል አየና ጎንበስ ብሎ አማተበ። "አይ ልጄ!" አለች እናናየሁ በልቧ፣ "እኔን ለማታለል ማማተብ አስተምራዋለች። ቀኝና ግራውንም ሳይስት! ስንት ቀን ቢያለማምዱት ነው?"

ሁሉም ከተቀመጡ በኋላ ዘሐራ አዲሱን ድስት በሁለት እጇ ይዛ ገባች። እናናየሁ ዶሮውን ወደ ልጇ ገፋችና ዘሐራ የሞላችውን የበጉን ሳህን እንግዳው ፊት አስቀመጠች። ስታሰላስል የሰነበተችውን ንግግር ጀመረች።

"ልጄ፣ እኔ ብዙ ነገር ይወራብኛል፤ ክፉ ሰው ግን አይደለሁም። ይሄ ያንተ ነው። ያረደው የዘሐራ ባል ነው፤ ቢስሚላሂ ብሎ ነው ያረደው። የሠራችው ዘሐራ ናት፤ ድስቱም ቢላዋውም አዲስ ነው። የኔ እጅ አልነካውም። ምንም አትጠራጠር፣ ብላ።"

ልጁ ሳህኑን አየ፣ ዘሐራን አየ፣ ሰርካለምን አየ። ጆሮው ቀላ።

"እትዬ… ኪሩቤል እባላለሁ።"

"ኪሩቤል?" አለች እናናየሁ። ቃሏ ከአፏ ሾልኮ ሄደ። "ኪሩቤል ማን?"

"ኪሩቤል ወልደተንሣኤ። የአረርቲ ልጅ ነኝ። አባቴ መሪጌታ ናቸው።"

ዘሐራ ሳቋን አልቻለችም። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ግድግዳው ላይ ተደገፈች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

"ታዲያ ሥጋ የማትበላው ምን ሆነህ ነው!" ብላ ጮኸች እናናየሁ። ቃል ኪዳኑ እንግዲህ አንዴ ፈርሷል።

"አይስማማኝም እትዬ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሽታውም አይሆንልኝ። እናቴ እንኳ ለፋሲካ እንቁላል ነበር የምትጠብስልኝ፤ ሰፈሩ ሁሉ ይስቅብኝ ነበር።"

ሰርካለም አልሳቀችም። እናቷን በዚያ እናናየሁ በምትፈራው ዓይን ነው የምታያት። "ሥጋ እንደማይበላ በምን አወቅሽ?"

"ቪዲዮው ላይ። ሳህኑን አይቼ።"

"ሁሉንም አየሽ?"

"ሁሉንም። አልጠየቅኩም፤ ማንንም አልጠየቅኩም። አየሁ ብቻ።" እናናየሁ መሐረቧን እጇ ላይ ጠቀለለች፤ አሁን ትሄዳለች፣ አሁን ሻንጣዋን ታነሣለች እያለች ነው። ልጅቷ ግን ዓይኗን ወደ አዲሱ ድስት መለሰች፤ የዋጋው ወረቀት እጀታው ላይ እንደተለጠፈ ነው።

"ሙስሊም መስሎሽ ነው?"

"አዎ።"

"ሙስሊም መስሎሽ… ልታባርሪው አላሰብሽም?"

"ላባርረው ብል ምን በግ ያሳርደኛል?"

"ለእሱ ነው ይሄን ሁሉ ያደረግሽው?"

"ለእሱ አይደለም!" አለች እናናየሁ። "እሱን የት አውቀዋለሁ? አሁንም ገና እጠረጥረዋለሁ፣ ይቅር ይበለኝ። ላንቺ ነው። ተመልሼ አልመጣም አልሽኝ። እኔ ሌላውን ሁሉ እችላለሁ፤ እሱን አልቻልኩም።"

ሰርካለም ተነሥታ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ሁሉንም ትነግራት ጀመር፤ ከኪሩቤል ጋር እንዴት እንደተዋወቁ፣ ምን እንደሚሠራ፣ ሽማግሌ መቼ ሊልክ እንዳሰበ። ስሙን የደበቀችው ሃይማኖቱን ለመደበቅ አልነበረም። "የአባቱን ስም ከሰማሽ አረርቲ ወርደሽ ደብሩን በሙሉ እየጠየቅሽ ታዳርሺዋለሽ ብዬ ነው" አለች።

"እወርድ ነበር" አለች እናናየሁ። መዋሸት አልፈለገችም።

በጉን እንግዲህ የሚበላው ጠፋ። ኪሩቤል ሥጋ አይበላም፤ እናትና ልጅ የሙስሊም ሥጋ አይበሉም። ዘሐራ ድስቱን ሙሉውን አንሥታ፣ ልጆቿን በስማቸው እየተጣራች፣ እየሳቀች ወደ ቤቷ መለሰችው። ከግድግዳው ማዶ ወዲያው ሆይ ሆይታ ተሰማ።

"እማዬ" አለች ሰርካለም ዓይኗን በመዳፏ እየጠረገች፣ "ለጥምቀት ስንመጣ እባክሽ በግ አታሳርጂ።"

እናናየሁ ከዚህ ሁሉ የሰማችው "ስንመጣ" የምትለዋን ብቻ ነው። እንቁላል ልጥበስለት ብላ ወደ ጓዳ ገባች፤ ሽንኩርቱን ገና ሳትከትፍ አለቀሰች።